በአደባባይ ተቀምጦ የማይታይ ሥራ፦ የፊደላችንና የነፃ ሶፍትዌር ታሪክ ከቦኬ ሲታይ



ባለፈው ክረምት የአንድ የሥራ ባልደረባዬን ቤተሰብ ሐዘን ለመድረስ ከጭሮ ተነሥቼ ወደ ቦኬ ሄጄ ነበር። ሐዘንተኞቹን አጽናንተን ቡና ሲቀርብ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ጡረታ የወጡ መምህር ከየት እንደመጣሁና ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። የዩኒቨርሲቲ መምህር መሆኔን ስነግራቸው ጥቂት አሰብ አደረጉና «እንግዲያው ልጄ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብለው ከቤታቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ሲዲ አመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ በማስተማር ላይ በነበሩበት ዘመን በየበጋው እየዞሩ ሠላሳ ያህል የአካባቢውን ሽማግሌዎች አነጋግረው ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እንዴት እንደተከፈተ፣ ገበያው በየትኛው ቀን ይውል እንደነበረ፣ የትኛው ምንጭ በማን እንደተቆፈረ፣ ደም የተቃቡ ጎሣዎች በምን ሥርዓት እንደታረቁ በደብተር ጻፉ። ሽማግሌዎቹ የነገሯቸው በኦሮምኛ ነው፤ እርሳቸው የተማሩትና ያስተማሩት በአማርኛ ስለነበረ የጻፉት በአማርኛ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. ደብተሮቹን ተሸክመው ወደ ጭሮ ሄዱ፤ ለጸሐፊ ከፍለው በኮምፒውተር አስተየቡ፤ በሲዲ አስገልብጠው ተመለሱ። ደብተሮቹን ምስጥ በላቸው። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ አለፉ። «ሲዲው አለ» ብለው ግን ይጽናኑ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የልጅ ልጃቸው ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ ሲዲውን ከፈቱት። የታየው አማርኛ አልነበረም። የላቲን ፊደል፣ የገንዘብ ምልክት፣ ቅንፍና ሠረዝ የተደበላለቀበት ጉራማይሌ ነበር፤ መቶ ሃያ ገጽ ሙሉ። «ይኸው፣ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ አቃተኝ። በሰው አገር ቋንቋ የተረገምኩ መሰለኝ» አሉኝ።

እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ሕመሙን አወቅሁት፤ በዚያ ዘመን የጻፍን ሁሉ የምናውቀው ሕመም ነውና። መድኃኒቱ እንዳለም አውቅ ነበር። መድኃኒቱ በነፃ የሚሰጥ፣ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። ከቦኬ እስከ ጭሮ፣ ከጭሮ እስከ አዲስ አበባ ግን ስለ እርሱ የሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መልካም ሥራ በአደባባይ ተቀምጦ የማይታየው ለምንድን ነው? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ፊደላችንና ማሽኖቹ

ፊደላችን ከእጅ ወደ ማሽን የተሻገረበት ታሪክ ረጅም ነው፤ ከመነሻውም ሁለት ወገን ነበረበት። አንዱ ማሽኑን ያውቃል፤ ሌላው ፊደሉን። የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ በማተሚያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ነው፤ መዝሙረ ዳዊት። አሳታሚው የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን ይባላል። ፖትከን ግዕዙን የተማረው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት፣ በተለይም ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ነው። ይሁንና ቋንቋው «ከለዳዊ» መስሎት ነበርና መጽሐፉን በዚያ ስም አወጣው። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ሕትመታችን ወደ ዓለም የወጣው በተሳሳተ ስም ነው። ሥራው ትልቅ ነበር፤ ስሙ ግን የእኛ አልነበረም።

ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ላይ ተገናኙ። ከዚያ ግንኙነት የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ተወለደ። ሉዶልፍ ግን የመምህሩን ስም አልደበቀም፤ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል ሳይቀር በመጽሐፉ አሳተመ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አባ ጎርጎርዮስ እናውቃለን። ስለ ብዙዎቹ የሮም መነኮሳት ግን የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው። ሁለቱም ወገኖች ያዋጡት ዕውቀት ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ውለታውን የመዘገበ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

በአገራችንም ኢንጅነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት ተነሡ። ችግሩ የታወቀ ነው፤ ለላቲን ፊደል የተሠራ ገበታ ከ200 በላይ ለሆኑት ሆሄያት አይበቃም። መፍትሔው ፊደሉን ቆራርጦ፣ እግርና እጅ ቀጥሎ መገጣጠም ሆነ። ብዙ ትውልድ በዚያ ጎባጣ ፊደል ደብዳቤ ተጻጻፈ፤ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጻፈ።

የእኛው ሐረርጌም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ሼኽ በክሪ ሳጳሎ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ የሚስማማ የራሳቸውን ፊደል ፈጠሩ። ፊደሉ በደቀ መዛሙርታቸው እጅ ከመንደር መንደር ተዛመተ፤ የዘመኑ መንግሥት ግን በክፉ ዓይን አየው፤ አገደውም። ሼኽ በክሪ እ.ኤ.አ. በ1980 በስደት ሶማሊያ ውስጥ አረፉ። አንድ የእጅ ሥራ ምን ያህል ቢያምር፣ ከደቀ መዝሙር ደብተር አልፎ ሕዝብ እጅ የሚደርሰው የሚያስተምረው፣ የሚያትመውና የማያሳድደው ሥርዓት ሲያገኝ መሆኑን የእርሳቸው ታሪክ ያስተምረናል።

የኮምፒውተሩ ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ሲመጣ የአያና ብሩ ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመለሰ። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቀድመው ገቡበት። ኢንጅነር ፍሥሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ በተሰኘ ድርጅታቸው በኩል፣ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላም በሞድኤት ሥራቸው በኩል አማርኛን በኮምፒውተር አስጻፉ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈጅቷል፤ እዚህ አልገባበትም። ሁለቱም ባለ ውለታዎች ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የብዛት ዘመን ነበር። ብራና፣ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፤ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ወጣ። እነዚህ ሥራዎች ለአገራችን ጽሕፈት የሠሩት ቀላል አይደለም። ሆኖም የጋራ ስምምነት አልነበረም። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው፤ «ሀ» የትኛው ቁጥር ይሁን የሚለውን ግን እያንዳንዱ ሠሪ በየፊናው ወሰነ። አብዛኞቹም በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ሆሄያቱን አስቀመጡ። ስለዚህ የተጻፈበት ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ የሚታየው ላቲኑ ነው። በመምህሩ ሲዲ ላይ የታየው ጉራማይሌ እርግማን አልነበረም፤ የዚያ አለመስማማት ውጤት ነበር።

ስምምነቱ የመጣው በዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደል ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛው እትሙ የኢትዮጵያ ፊደል ቦታውን አገኘ፤ በ2005 እና በ2010 ደግሞ ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ሆሄያት ተጨመሩ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታን ከ«ኒያላ» ፊደል ጋር ለሕዝብ ያቀረበው ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ነው። በመካከሉ ሰባት ዓመት አለ። መምህሩ ደብተራቸውን ተሸክመው ወደ ጭሮ የሄዱትም በእነዚያ ሰባት ዓመታት ውስጥ ነው። ስምምነቱ ተፈርሞ ሳለ፣ ወሬው ጭሮ ስላልደረሰ መቶ ሃያ ገጽ በአሮጌው መንገድ ተጻፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጥቀስ። የኢትዮጵያ ፊደል ከቪስታ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ዩኒኮድም ሳይቀበለው፣ ምንጩ ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ውስጥ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሃያኛው የ«ጂ.ኤን.ዩ ኢማክስ» እትም በአማርኛና በትግርኛ ያስጽፍ ነበር። ለኢማክስ የኢትዮጵያን ፊደል ክፍል የጻፈው ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ነው። ታካሃሺ የተጠቀመበትን «ሴራ» የተባለውን፣ አማርኛን በላቲን ፊደል የመወከያ ሥርዓት ደግሞ ያዘጋጁት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ባልደረቦች ከዚያ ወዲህም ፊደሎችን፣ የገበታ ሥርዓቶችንና መለወጫዎችን እየሠሩ በነፃ ለቀዋል። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ማይክል ጋሰርም የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥርወ ቃላቸው የሚተነትን «ሆርንሞርፎ» የተባለ ክፍት ፕሮግራም አበርክቷል። ከእነዚህ ስሞች ስንቶቹን በትምህርት ቤት ሰምተናል? እኔ በተማርኩባቸው ዓመታት አንዱንም አልሰማሁም።

«ነፃ» እና «በነፃ»

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። ሶፍትዌር የሚጻፈው ሰው በሚያነብበው ቋንቋ ነው፤ ይህም ምንጭ ኮድ ይባላል። ብዙ ድርጅቶች ምንጩን ቆልፈው የተፈጨውን ብቻ ይሸጣሉ። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ተቃውሞ ጂ.ኤን.ዩ የተሰኘውን ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ተጠቃሚ ሁሉ ምንጩን የማንበብ፣ የማረም፣ የመገልበጥና ለጎረቤቱ የማካፈል መብት ይኑረው የሚል ነበር። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊነክስን ለቀቀ፤ ሁለቱ ሥራዎችም ተደጋገፉ።

ይህ እንቅስቃሴ ራሱ ግን በስም ምክንያት ተቸግሮ ነበር። በእንግሊዝኛ «ነፃ» የሚለው ቃል ነፃነትንም ዋጋ አለመኖርንም ያመለክታል። ነጋዴው «ዋጋ የሌለው» ብሎ ናቀው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 ካሊፎርኒያ ላይ በተደረገ ስብሰባ ክሪስቲን ፒተርሰን የተባለች ሴት «ኦፕን ሶርስ» የሚል ስያሜ አቀረበች። ስያሜው ተያዘ፤ የትልልቅ ኩባንያዎችንም በር ከፈተ። በ2004 መጨረሻ ደግሞ የፋየርፎክስ ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው በኒውዮርክ ታይምስ ላይ የሁለት ገጽ ማስታወቂያ አወጡ፤ 10,000 ያህል ሰዎች ነበሩ ያዋጡት። መልካም ሥራ ራሱን ይሸጣል የሚለው አባባል እነርሱ ዘንድ እንዳልሠራ ከዚህ እንረዳለን።

አማርኛ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ዕድል አለው። «ነፃ» ስንል አርነትን፣ «በነፃ» ስንል ዋጋ አለመኖርን እንለያለን፤ አንዲት «በ» ክርክሩን ትፈታዋለች። ይሁን እንጂ በተግባር የለየን አይመስለኝም። እዚህ አገር ሁሉም ሶፍትዌር «በነፃ» ነበርና! የኮምፒውተር ሻጩ ዊንዶውሱንም፣ ኦፊሱንም፣ የግዕዙን ፕሮግራምም ገልብጦ ጭኖ ይሰጠናል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ውስጥ አስገብቷል፤ በሱቁ ባንኮኒ ላይ ግን አዋጁ አልታየም። የተሰረቀው ዋጋው ዜሮ፣ በሕጋዊ መንገድ የተሰጠውም ዋጋው ዜሮ ከሆነ፣ ገዢው የለመደውን ይወስዳል። ስርቆቱ በዚህ መንገድ አምራቹን ብቻ ሳይሆን ነፃውን ሥራም ጎዳ። የነፃው ሥራ ብልጫ ዋጋው አልነበረም፤ መብቱ ነበር። ስለ መብቱ ግን የነገረን አልነበረም።

የፖስታ ሳጥኑ ሲዲ

የራሴን ልንገራችሁ። በ1998 ዓ.ም. ተማሪ ሳለሁ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከፖስታ ቤት አንድ ጥቅል ይዞ መጣ። ውስጡ የኡቡንቱ ሲዲዎች ነበሩ። ኡቡንቱ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ገንዘብ የተጀመረ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ የሊነክስ ዓይነት ነው። አድራሻህን ከላክህላቸው ሲዲውን ያለ አንዳች ክፍያ በፖስታ ይልኩ ነበር፤ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስም ቀጠሉበት። «ለጓደኞችህ አካፍል» የሚል መንፈስ ነበረውና ብዙ ቅጂ ነው የሚመጣው። ከሩቅ አገር የመጣ፣ በስማችን የተላከ፣ ስጡ እንጂ ክፈሉ የማይል ነገር በዚያ ዕድሜ ያስደንቅ ነበር።

የኢንተርኔቱ ሁኔታ ለማውረድ አይፈቅድም ነበር፤ አንዲት ፋይል ሌሊቱን ሙሉ ትወርድና ሊነጋ ሲል ትቋረጣለች። ስለዚህ ሲዲው በእጅ ነበር የሚዞረው። ባለሲዲው ገልብጦ ለሌላው ይሰጣል፤ ሌላው ይጭናል፤ የተቸገረበትን ይጠይቃል። ይህ አሠራር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ያባቶቻችን መጽሐፍ ከደብር ወደ ደብር፣ ኪታቡም ከመስጊድ ወደ መስጊድ የተዛመተው እየተገለበጠ ነው። ገልባጩ ስሕተት ካየ በኅዳጉ ያርማል፤ በመጨረሻው ገጽ ስሙን ጽፎ አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምናል። የማሰራጨቱ ባህል አለን። የኡቡንቱ ሲዲዎችም ያን ባህል አገኙና ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ታወቁ። መታወቃቸው ግን በዩኒቨርሲቲው አጥር ውስጥ ቀረ። ተመርቀን ስንወጣ መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀን «ወርድና ኤክሴል ታውቃለህ?» የሚለውን ነበር።

እንግዲህ ነፃው ሥራ ለምን አልታወቀም ለሚለው ጥያቄ መልሶቹ ከታሪኩ ራሱ ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሠሪዎቹ አብዛኞቹ በውጭ አገር ነበሩ፤ መመሪያቸውም በእንግሊዝኛ ነበር። ለአማርኛ የተሠራን ፕሮግራም ለመጠቀም እንግሊዝኛ ማወቅ ግድ ሆነ! ሁለተኛ፣ መገናኛው ጠባብ ነበር። እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ቴሌኮሙ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት ዋጋውም ፍጥነቱም የገጠር ወረዳን ያገለለ ነበር። ሦስተኛ፣ አስተዋዋቂ አልነበረም። የሚሸጠውን ሶፍትዌር ሻጩ ያስተዋውቀዋል፤ ነፃውን ማን ያስተዋውቀዋል? መምህሩና ተጠቃሚው ካልተናገሩ ማንም አይናገርለትም። አራተኛውና የከፋው፣ እኛ ራሳችን የራሳችንን ሠሪዎች ስም አልጠራንም። ጽሑፋችንን በነፃው ገበታ እንጽፋለን፤ በነፃው ፊደል እናሳትማለን፤ በመቅድማችን ግን ለማተሚያ ቤቱ እንጂ ለፊደሉ ሠሪ ምስጋና አንጽፍም።

ኦሮምኛስ? ከኅዳር 1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ ስለሚጻፍ ከማሽኑ ጋር የነበረውን ጣጣ በአንድ ጊዜ ተሻገረ፤ የቦኬ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ዛሬ በየትኛውም ኮምፒውተር ይነበባል። ነገር ግን መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የፊደል ግድፈት ማረሚያ፣ መዝገበ ቃላት፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። የአማርኛ ዊኪፔዲያ 15,000 ያህል መጣጥፎች አሉት፤ የኦሮምኛው ከዚያ እጅግ ያንሳል፤ የተናጋሪው ብዛት ግን ተቃራኒውን ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም።

መንግሥት የሚጠቀምበት፣ ስሙን ግን የማያነሣው

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ። አንባቢ «ኦፕን ሶርስ የተማሪ ጨዋታ ነው» ብሎ እንዳያስብ ሁለት ምስክር አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ፋይዳ ነው። ዛሬ የቦኬ ገበሬ አሻራውን ሰጥቶ የሚመዘገብበት ብሔራዊ መታወቂያ የቆመው «ሞሲፕ» በተባለ ምንጩ ክፍት በሆነ ሥርዓት ላይ ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ነው፤ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይሠሩበታል። ሁለተኛው የጤናው ዘርፍ ነው። ጤና ጣቢያዎች ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት «ዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2» ሥሩ ከአፓርታይድ በኋላ በነበረችው ደቡብ አፍሪካ የተተከለ፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ሥራ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2018 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በአገር ደረጃ ይጠቀምበታል።

ይህ መልካም ነው፤ ያስመሰግናልም። ዜጋው ግን የማንነቱ መዝገብ በምን ላይ እንደቆመ አልተነገረውም። ምንጩ ክፍት መሆኑ ጥቅሙ ዋጋ መቀነሱ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ባለሙያ ገብቶ እንዲያየው፣ እንዲመረምረው፣ ጉድለት ካለው እንዲያሳይ ማስቻሉ ነው። ይህ መብት የሚሠራው ግን የሚያነብ ሲኖር ነው። በየዓመቱ በሺዎች የኮምፒውተር ተማሪዎች እናስመርቃለን። ከእነርሱ ስንቱ የሞሲፕን ምንጭ ከፍቶ አንብቧል? ስንቱስ መኖሩን ያውቃል? የተከፈተ በር የሚያልፍበት ከሌለ ከተዘጋ በር በምን ይለያል?

በዚህ ረገድ ጭሮ ራሷ የምታስታውሰን ነገር አለ። ጭሮን አሰበ ተፈሪ በሚል ስም የቆረቆሯት፣ ጨርጨርንም ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን አስበው ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በሩሲያ የተማሩት፣ የ1931 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት አርቃቂ። አርአያ ማለት እንዲገለበጥ ታስቦ የሚሠራ ነገር ነው። አርአያው ያልተገለበጠ እንደሆነ ግን አንድ ያማረ ከተማ ብቻ ሆኖ ይቀራል።  የኦፕን ሶርስ ዕጣም ከዚህ አይለይም።

ምን ይደረግ?

ትችት ብቻ ጽፎ መሄድ የምሁር ወግ አይደለምና ጥቂት ላቅርብ።

ዩኒቨርሲቲዎች፣ በአካባቢያችን ያለውን ኦዳ ቡልቱምን ጨምሮ፣ ለክፍት ሶፍትዌር የተደረገን አስተዋጽኦ እንደ መመረቂያ ሥራ ይቀበሉ። ተማሪያችን ለመመረቂያ የሠራው ፕሮግራም መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ፣ የኦሮምኛ የግድፈት ማረሚያ ቢያሻሽል ወይም አንድ መመሪያ ወደ አማርኛ ቢመልስ ለአገር ይተርፋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው የምርት ስም ሳይሆን የሚፈልጉትን አገልግሎት ይጻፉ፤ የሚጠቀሙበትንም ክፍት ሥራ በግልጽ ይናገሩ። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ ለደንበኛችሁ ፋይሉን ስትሰጡ በዩኒኮድ መጻፉን አረጋግጡ፤ የሃያ ዓመት ዕዳ ታስቀሩለታላችሁ። እኛ ጸሐፍት ደግሞ የፊደሉንና የገበታውን ሠሪ ስም እንጥራ። አንዲት መስመር አትከብድም።

ወደ ቦኬው ሲዲ ልመለስ። ፋይሉን ይዤ ወደ ጭሮ ተመለስኩ። አንድ ወጣት ባልደረባዬ፣ አሮጌ ፊደሎችን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ፣ የግዕዝ ፍሮንቲር ሰዎች በነፃ የለቀቁትን መሣሪያ ፈልጎ አገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። ጥቂት ሆሄያት ተዛነፉ፤ ቁጥሮቹ አንዳንድ ቦታ ጠፉ፤ አራት ነጥቡም በየቦታው ሁለት ሁለት ነጥብ ሆኖ ወጣ። የቀረው ሁሉ ግን ተመለሰ። አትመን፣ አስጠርዘን ላክንላቸው።

ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። የታረቁትን ጎሣዎች ምዕራፍ ለመንደሩ ልጆች እንዳነበቡላቸው፣ ከሟቾቹ ሽማግሌዎች የአንዱ የልጅ ልጅ የአያቱን ቃል ሲሰማ እንዳለቀሰ ነገሩኝ። ከዚያም፣ «ይህን መለወጫ የሠራው ማነው? ስንት ይከፈለዋል?» አሉ።

«ምንም አይከፈለውም ጋሼ፤ በነፃ ነው የተሰጠው» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «እንግዲያው ስማቸውን በመጨረሻው ገጽ ጻፍልኝ። ያነበበ ሁሉ ይመርቃቸው» አሉኝ።

ጻፍኩት። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያው ምክንያት ነው።

ቸር ይግጠመን።